የሐሙስ ማታ ፓስታ

አርብ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አልማዝ ዛሬ ጠዋት ወደ ደሴ ሄደች። እናቷን ስትሮክ መትቷቸዋል፤ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ስንት ጊዜ እንደምትቆይ እሷም አታውቅም። መናኸሪያ ስሸኛት ይህን ደብተር ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ከቤት ያለቀውን እንድጽፍበት ነው። «ሱቅ ገብተህ ቆመህ ማሰብ ትጀምራለህ፤ ጽፈህ ሂድ» አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ለሠራ ባል ጻፍ ተብሎ አይነገርም፤ ግን ተቀበልኩ።

ያለቀ፦ ዘይት፣ የልብስ ሳሙና፣ ክብሪት።

ገኒ ከትምህርት ቤት መጥታ በቀጥታ ክፍሏ ገባች። የእናቷ መሄድ ከብዷታል። አሥራ ስድስት ዓመት ላይ ሁሉም ነገር ይከብዳል።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ዐቢይ ጾም ገባ። ገኒ ዘንድሮ እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም ቆርጣለች። እኔ እስከ ስድስት ሰዓት የቆየሁ ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ነው የማወራው። «አባዬ፣ አንተ ምሳህን ብላ፤ ስለኔ አታስብ» አለችኝ። ኩራት ተሰማኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

አልማዝ ደወለች። «በላች?» አለችኝ። «ጾመኛ ናት፤ በሰዓቷ በደንብ ትበላለች» አልኳት። በሰዓቷ እኔ ቢሮ ነኝ። ግን ካልበላች ምን ታደርጋለች?

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ዛሬ ከኦሎምፒያ የተሳፈርኩበት ታክሲ መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር ኢምፔሪያል ላይ «መጨረሻ» ብሎ አወረደን። ወደ ገርጂ በእግሬ ሳዘግም፣ ድሮ የቤት ዕቃ ይሸጥበት የነበረው ቤት ውስጥ አዲስ ሚኒማርኬት ተከፍቶ አየሁ። ገና ስም እንኳ አልለጠፉበትም፤ የበሩ መስታወት ላይ ያለው ፕላስቲክ አልተላጠም። ገባሁ።

እንደዚህ ያለ ሱቅ በሰፈራችን አላየሁም። ቲማቲሙ አንድ በአንድ ተወልውሎ ተደርድሯል። በሶብላው በውሃ ጣሳ ውስጥ ቆሟል። ፓስታ ብቻውን አንድ ሙሉ መደርደሪያ ይዟል፦ ቢራቢሮ የሚመስል፣ ዛጎል የሚመስል፣ እንደ ሪባን የተጠቀለለ። እኔ ፓስታ ማለት ረጅሙ ነው፣ ከሌለ ደግሞ መኮረኒ ነው ብዬ ነው ሃምሳ አንድ ዓመት የኖርኩት። አልማዝ እንዳለችው ቆሜ ማሰብ ጀመርኩ። ባለሱቋ ሻሽዋን ያጠበቀች፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት፤ ሰኪና ትባላለች። «ወንድሜ፣ መርጠው ካልጨረሱ ወንበር ላምጣልዎት» አለችኝ። ሳቅሁ። የሪባኑን ሁለት እሽግ ገዛሁ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ አንድ እስር በሶብላ ጨምሬ።

ቤት ገብቼ ሽርጥ አሸረጥኩ። ስጎውን ሠራሁ፤ ሽንኩርቱ ትንሽ ያዘብኝ እንጂ ሽታው ደረጃው ድረስ ደርሷል። ፓስታውን ቀቅዬ አጥልዬ ገኒን ጠራሁ። መጣች፤ ሳህኑን አላየችም። ቆሻሻ ላይ የጣልኩትን ማሸጊያ አንስታ ከላይ እስከ ታች አነበበች።

«አባዬ፣ እንቁላል አለበት።»

«የቱ?»

«ይኼ ፓስታ። በእንቁላል ነው የተሠራው። ጾም ነው።»

ለካ የሪባኑ እንዲህ ነው። እኔማ ፓስታ ዱቄትና ውሃ ይመስለኝ ነበር። ስጎውን በዳቦ በላሁ። እሷ «ትምህርት ቤት ከዘጠኝ በኋላ በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ» ብላ ክፍሏ ገባች። ፓስታውን አምላኩ ለሚባለው የግቢው ጥበቃ ሰጠሁት፤ እሱ ጴንጤ ነው፣ አይጾመውም። «ጌታ ይባርክዎት ጋሼ» እያለ ከነድስቱ ወሰደው።

ስንቱ ትልቅ ሰው ሳያየው የሚበላውን ልጄ አንብባ አገኘችው። ለአልማዝ በስልክ ስነግራት ሳቀች። ከሄደች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ዛሬ ነው።

አርብ፣ የካቲት 21

ያልተከፈተውን እሽግ ልመልስ ሄድኩ። ሰኪና ገና ሳታየው «እንቁላል» አለች። «ጾም ከገባ አምስተኛው ነዎት። የአገር ውስጡ ከታች አለ፤ ስንዴ ብቻ ነው።» ለወጠችልኝ። ጨረቃ ከታየች የእነሱም ጾም ነገ ይገባል። «እንግዲህ ሁላችንም ቀጥነን እንገናኛለን» አለችኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ሐሙስን የፓስታ ቀን አድርገናል። አልማዝ ስትመለስ ቤቱ ሥርዓት እንዳለው ታይ።

ዛሬ ገኒ ራሷ ልሥራ አለች። ሽንኩርቱን እንዴት አድቅቃ እንደከተፈችው። በሶብላውን በእጇ ቆራርሳ መጨረሻ ላይ ነሰነሰችው። ለእኔ ሳህኔን ሞልታ አቀረበችና ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስበላ ታየኛለች። «ጣፈጠህ? ጨምር።» ልክ እናቷን። «አንቺስ?» ስላት «ስሠራ እየቀመስኩ ጠገብኩ» አለች። አልማዝም እንደዚያው ናት፤ ወጥ የሠራች ቀን እህል አያምራትም።

ቤት ውስጥ ጃኬት ትለብሳለች። በዚህ ሙቀት።

እሑድ፣ የካቲት 30

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደረጃው ላይ የእንቁ ድምፅ ይሰማል። እንቁ ከታች ያለችው ጎረቤታችን ናት። «ያቺ የገብረየስ ልጅ ምን ነክቷት ነው? ቀሚሱ እኮ ነው የሚሄደው» ትላለች። እኔን ስታይ «ጾሙ እንዴት ይዟችኋል?» ብላ ለወጠችው።

ይህችው እንቁ ናት ለገና ቤታችን መጥታ ገኒን «ውይ ተመችቶሻል!» ብላ የሳመቻት። ሲወፍሩም ያወራሉ፣ ሲከሱም ያወራሉ። ቀሚሱን ያኔውኑ ሰፋ ያለ ነው የገዛነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

መብራት የለም። ፓስታ ቀረ። ዳቦ በማር። ገኒ ራሴን አሞኛል ብላ ተኛች።

ያለቀ፦ ሻማ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ቢሮ ሳለሁ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የገኒ የስፖርት መምህር ነው፤ ላጲሶ ይባላል። ሜዳ ላይ አዙሯት ተቀመጠች አለኝ። «አቶ ገብረየስ፣ አሁን ደህና ናት፤ ግን መጀመሪያዋ አይደለም። ቤት እንዴት ነው አመጋገቧ?»

«ጾም ላይ ናት» አልኩት፤ ድምፄ ሳላስበው ጠንከር አለ።

«ገብቶኛል። ሌሎችም ልጆች ይጾማሉ። ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ሲበሉ ግን አያቸዋለሁ።»

ስሙን ስሰማ ጴንጤ መስሎኝ በልቤ፣ እነሱ ስለ ጾም ምን ያውቃሉ ብዬ ነበር። አመስግኜው ዘጋሁት። ማታ ገኒን ጠየቅኳት። ፀሐይ ነው አለች። ሰሞኑን ፀሐዩ በእርግጥ ከባድ ነው።

አልማዝ፦ «በላች?» እኔ፦ «በልታለች።» እናቷ ማንኪያ መያዝ ጀምረዋል። እዚያ ያለውን ጭንቀት እያወቅኩ በፀሐይ ላስጨንቃት አልፈለግኩም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ይህን በሰከነ ልብ ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ ተናድጃለሁ።

ገኒን ይዣት ሚኒማርኬት ሄድኩ። ፓስታውን ራሷ ትምረጥ፣ ትንሽም ትንቀሳቀስ ብዬ ነው። ማፍጠሪያ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል፤ ሰኪና ጠረጴዛዋ ላይ ቴምርና ውሃ አዘጋጅታ ሬዲዮ ከፍታ አዛን ትጠብቃለች። ገኒ መደርደሪያው ጋ ሄዳ አንድ በአንድ እያነሳች ከጀርባ ያለውን ታነባለች። ሰኪና ቆይታ ቆይታ አየቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ወንድሜ፣ አይቀየሙኝ። ልጅዎት ምን ያህል ጊዜዋ ነው እንዲህ ከሆነች?»

«እንዴት ከሆነች? ጾመኛ ናት።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ። ዛሬ ሃያ ቀኔ ነው። ይኼን ቴምር ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግርዎትም። የጾመ ሰው እህል ያያል። እሷ እህል ስታይ ዓይኗ ሌላ ነው። የምትፈራው ነው የሚመስለው።»

ምን መለስኩላት? «የእናንተና የእኛ ጾም ይለያያል» አልኩ። እንዲህ አልኩ። ሴትዮዋ አዛኑ ሲሰማ ለሁለታችንም ቴምር ዘረጋችልን፤ እኔ ተቀብዬ አላመሰገንኩም። ገኒ አመስግና ተቀበለች።

ቤት ስንደርስ ጃኬቷን ልሰቅልላት ሳነሳ ቴምሯ ከኪሱ ወደቀች።

ምናልባት ለነገ አስቀምጣት ይሆናል። አንስቼ መልሼ ኪሷ ከተትኳት።

እሑድ፣ መጋቢት 14

የንስሐ አባታችን ቀሲስ መሐሪ ከቅዳሴ በኋላ ቤት መጡ። ስለ አማቴ ጸለዩ። እኔ ደግሞ፣ ምን ቆርጦኝ እንደሆነ፣ ስለ ገኒ ጾም አወራሁላቸው። ዘጠኝ ሰዓት የነበረው አሥራ አንድ ሆነ፣ አንዳንዴም ማታ ድረስ ይሄዳል አልኳቸው። እንዲያመሰግኗት ነው የጠበቅኩት።

«ቅዳሜና እሑድስ?» አሉኝ።

«ምን አባታችን?»

«በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ትበላለች ወይ? በሰንበት የሰዓት ጾም እንደሌለ ታውቃለህ። ልጄ ገብረየስ፣ ዛሬ እሑድ ነው። ቁርስ በላች?»

ሰዓቱ ሰባት ሆኗል። ገኒ ክፍሏ ናት።

«በልታለች» አልኳቸው።

ቄስ ፊት ዋሸሁ፤ ያውም መስቀላቸው ጉልበቴ አጠገብ ተቀምጦ። እሳቸው ረጋ ብለው «እንግዲያስ መልካም» አሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣ «ጾም መፈቻ ያለው ነገር ነው። የማይፈታ ከሆነ ሌላ ስም ነው ያለው» አሉኝ። ባረኩኝና ወረዱ።

ለምን እንደዋሸሁ ለራሴም አልገባኝም። የኔን ስም ለመጠበቅ አይደለም። ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ቀልድ ነበር። የገና ዕለት እንቁ «ተመችቶሻል» ስትል እኔ ደግሞ ቀበል አድርጌ «እንግዲህ የክፍሏን በር ልናሰፋላት ነው» አልኩ። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሳቃ ወደ ክፍሏ ገባች።

አባቴም እኔን እንደዚህ ነበር የሚቀልድብኝ። ምንም አልሆንኩም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ፓስታ ሠራሁ። ቃሪያና ካሮት ጨመርኩ። ከኢምፔሪያሉ ሱቅ አይደለም የገዛሁት፤ እዚያ መሄድ ትቻለሁ፤ ሰፈር ካለው ኪዮስክ ነው። ደቃቃ ነው፤ ሲበስል ይጣበቃል። ገኒ ሹካዋን ይዛ አዞረችው፣ አዞረችው፣ ቆራረጠችው፣ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፋችው። ሳህኗን ሳነሳ ከሰጠኋት የጎደለ ነገር አልታየኝም። ፓስታ ሲቀዘቅዝ ይነፋል፤ በዚያ ይሆናል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

አልማዝ በቪዲዮ ካላየኋት አለች። ኔትወርክ የለም አልኳት። ኔትወርክ ነበር።

ዓርብ ስቅለት፣ ሚያዝያ 10

ስግደት። ገኒ ከሰዎቹ ሁሉ ቀድማ ተነስታ ሄደች፤ እኔ ዘግይቼ ደረስኩ። ከሴቶቹ ወገን ዓይኔ ፈለጋት። ነጠላ ለብሳ ስትሰግድና ስትነሳ አየኋት፤ ለመነሳት መሬቱን በሁለት እጇ ትይዛለች። አጠገቧ ያሉ አሮጊት ክንዷን ደግፈው ያነሷታል። እኚህ አሮጊት ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የሰገድኩት ስግደት ስለ ማን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

እሑድ ፋሲካ፣ ሚያዝያ 12

እንቁ ዶሮ ሠርታ ሰጠችን፤ ስለሷ የጻፍኩትን ብሰርዘው ደስ ይለኛል። እንቁላሉን ላጥኩ፣ አይቡን አቀረብኩ። ገኒ ትንሽ እንጀራ በወጡ ነካ አድርጋ ቀመሰችና ሆዴን አመመኝ አለች። በፋሲካ የማን ሆድ አያምም? ሁለት ወር የጾመ አንጀት ነው። ነገ ይሻላታል።

አልማዝ ከደሴ፦ «ፈሰከች?» እኔ፦ «ፈሰከች።»

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ከሥራ መጥቼ የተረፈውን ወጥ አሞቅኩ። ገኒ ከክፍሏ ወጥታ አየችውና፣

«ዛሬ ረቡዕ አይደል? እጾማለሁ» አለች።

በሃምሳው ቀን ውስጥ ነን። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ሆነ አርብ አይጾምም። ይህን የማያውቅ ኦርቶዶክስ የለም፤ እሷ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ናት።

ምን ልል እንደነበር ልጻፈው፦ «ጎበዝ» ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ያልኩት እሱን ነው።

«ገኒዬ፣ ሃምሳ ነው። ጾም የለም» አልኳት።

«እኔ ግን መጾም እፈልጋለሁ።»

«ለማን ብለሽ?»

ወንበር ስቤላት ተቀመጠች። እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀለበቷ በአውራ ጣቷ ላይ ነው ያለው። አለቀሰች፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ እየጾምኩ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

አፌን አዳመጥኩት። እውነት ነው፤ አውቄ ነበር። ቴምሯን መልሼ ኪሷ የከተትኩ ዕለት አውቄ ነበር። ከዚያም በፊት።

«መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የማልበላው» አለች። «አሁን ግን ልብላ ብዬ ሳስብ ራሱ ያስፈራኛል። እንቢ ይለኛል። ጾሙ ሲገባ ደስ አለኝ። ማንም አይጠይቀኝም ብዬ።»

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ማንንም መጠየቅ የለብኝም ብዬ። ይህን አልነገርኳትም፤ እዚህ ነው የምጽፈው።

የገናውን ቀልድ አነሳሁላት። በሩን እናሰፋለን ማለቴን። ቀና ብላ አየችኝ፤ «ትዝ ይልሃል እንዴ?» አለች። «ይቅርታ ልጄ» አልኳት። «አንተ ብቻ አይደለህም አባዬ» አለችኝ፤ እኔን ልታጽናና። በዚያ አቅሟ እኔን ልታጽናና።

አልማዝ እንደ ልማዷ በሁለት ሰዓት ደወለች።

«በላች?»

«አልበላችም።»

«ዛሬ?»

«ከሄድሽ ጀምሮ።»

ከዚያ ወገን የአማቴ ሳል ይሰማኛል። «ስንቴ ጠየቅኩህ ገብረየስ» አለች አልማዝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ፈቃድ ወሰድኩ። ሐኪም ቤት። ደም፣ ልብ፣ ሁሉም ታየ። ሐኪሟ ገኒን ብቻዋን ረጅም ሰዓት አነጋገረቻት፤ ከዚያ እኔን ጠራችኝ። በሽታ ነው፣ ስም አለው፣ ይታከማል፣ ግን ይቆያል አለች። በየሳምንቱ እንመላለሳለን። ለቤት ያዘዘችው መድኃኒት ብቻ አይደለም፦ አብራችኋት ብሉ፤ ገበታ ላይ ስለ ምግብና ስለ ሰውነት አታውሩ፤ እሷ ሳትጨርስ አትነሱ።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ?» አልኳት። «ዛሬ ያመጧት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ያልጠየቅኳትን ነው የመለሰችልኝ፤ ግን ያዝኩት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

አልማዝ እናቷን ለዘመድ አደራ ብላ መጣች። በሩ ላይ ገኒን አቅፋ ቆመች፤ እኔ ሻንጣውን ይዤ ደረጃው ላይ ቀረሁ። እኔን ሁለት ቀን ሙሉ ያላናገረችኝ ያህል ረዝሞብኛል፤ ገና መጀመሪያው ቀን ነው። ይገባኛል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ሰኪና ጋ ሄድኩ። የበሩ ፕላስቲክ ተልጦ ስሙ ተለጥፏል። «ጠፉ» አለችኝ። ያልኳትን አስታውሼ ይቅርታ ጠየቅኩ። «የእኔም እህት እንደዚህ ሆና ነበር» አለች፤ «ድሬዳዋ፣ ድሮ። በሽታው ስም አልነበረውም ያኔ።» እህቷ አሁን እንዴት እንደሆነች ለመጠየቅ ፈራሁ። እሷው አይታኝ «ሦስት ልጆች አሏት» አለችኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

ከአልማዝ ጋ ታረቅን ለማለት አልደፍርም። ዛሬ ግን ልብስ ስታጥፍ «አንተ ብቻ ሆነህ ከበደህ» አለችኝ። ከብዶኝ ነበር። ከባድ መሆኑን መናገር ነው ያቃተኝ። ገኒ ሐኪሟ ጋ ሁለቴ ሄዳለች። አንዳንዱ ቀን ደህና ነው። ትናንት አልነበረም፤ ሳህኑን ገፍታ ተነስታ በሩን ዘግታለች። አልማዝ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ስለ ደሴ ወሬ አወራችላት፤ ለበሩ ነው የምታወራው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ተከፈተ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

አልማዝ ማክሰኞ ወደ እናቷ ተመለሰች። በወሩ መጨረሻ እህቷ ዓለም ትተካታለች። እስከዚያ ሁለታችን ነን።

ፓስታ ሠራሁ። ረጅሙን፣ ተራውን። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ። ለሁለታችን እኩል አቀረብኩ፤ ተቀመጥን። ስለ ምግብ አይወራም፤ ስለዚህ የቢሮ ወሬ አመጣሁ። ሦስት ዓመት የጠፋ ፋይል በዚህ ሳምንት የሻይዋ ሴትዮ ፔርሙስ ሥር ተገኝቷል፤ ፔርሙሱ እንዳያዘነብል ከፍ አድርጋበት ኖሯል። የሚፈልጉት ሰውዬ ጡረታ ወጥተዋል። ገኒ እየሰማች አንድ ሹካ ጎረሰች። ቆየች። ሌላ ጎረሰች።

እኔ እንደ ልማዴ በአሥር ደቂቃ ጨረስኩ። እሷ ገና ጠርዙ ላይ ናት። እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ የማያት ይመስላል፤ መነሳት ደግሞ ሐኪሟ ከልክላኛለች። ሳህኔን ወስጄ ደገምኩ። ወሬውን ቀጠልኩ። ሁለተኛውን ጨረስኩ፤ እሷ ግማሽ ጋ ለመድረስ ትታገላለች። እንደገና ደገምኩ። አሁን ወሬ አልቆብኛል፤ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ስለተቀጠረ ጸሐፊ ማውራት ጀመርኩ። በእያንዳንዷ ጉርሻ ቀበቶዬ ይጠብቃል። አንድ ፍሬ አንስቼ፣ አኝኬ፣ አኝኬ፣ እሷ ስታነሳ እኔም አነሳለሁ።

ሹካዋን አስቀመጠችና ዓይኖቼን አየች።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው የምትበላው?»

«ጣፍጦኝ ነዋ።»

«ጨው የለውም እኮ።»

ቀመስኩት፤ እንዳልቀመስኩት ሁሉ። ጨው የለውም። ሦስት ሳህን በልቻለሁ። ፊቴን አይታ ሳቀች፤ አፏን በእጇ ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ። ስትስቅ እንዲህ እንደነበረች ረስቼው ነበር። ከዚያ ጨው አመጣች፣ በሁለታችንም ሳህን ላይ ነሰነሰች፣ ተቀመጠች። ሦስት ሹካ ጨመረች። አራተኛው ላይ «በቃኝ፣ ከዚህ በላይ ዛሬ አልችልም» አለች። እሺ አልኳት። ሁለታችንም ተነሳን።

ስልኩ ጮኸ። አልማዝ ናት። «በላች?» አለች። ልመልስ አፌን ከፈትኩና ስልኩን ለገኒ ሰጠኋት።

«ግማሹን በላሁ እማዬ» አለች። «ግማሹን አልቻልኩም። እሱን ጠይቂው ይልቅ፤ እኔን ብቻዬን ላለማስቀረት ሦስት ሳህን በልቶ መተንፈስ አቅቶታል።»

አልማዝ የምትለው አይሰማኝም። ገኒ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ብዙ ሰማች። ከዚያ «አታልቅሺ በቃ። አለሁ፣ አብሬው ነኝ» አለቻትና ሶፋው ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ እኔ ሳህኖቹን ወደ ኩሽና ወሰድኩ።